«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ማለት ምንድን ነው?

ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ፣ ከንግድ ፈቃዱ አጠገብ ነው። ፕላስቲክ ለብሶ፣ ጠርዙ ተላጥቶ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ሊገዛ የገባ ሰው አያየውም። የሚታየው ሊመልስ ለመጣ ሰው ነው።

አክስቴም ያየችው እንደዚያ ነው። መገናኛ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሱቅ የጁስ መፍጫ በ5,200 ብር ገዛች። ገና ከካርቶኑ ሳታወጣው በሦስተኛው ቀን ለሌላ ጉዳይ መርካቶ ወረደች፤ እዚያም ያንኑ መፍጫ በ4,300 ብር ሲሸጥ አገኘችው። ያን ሌሊት የተኛች አይመስለኝም። በማግስቱ እኔን አስከትላ፣ ካርቶኑን አቅፋ ሱቁ ደጃፍ ቆመች።

«እናቴ፣ ተበላሸብዎት?» አላት ሻጩ።

«ኧረ አልከፈትኩትም። መርካቶ በ4,300 አየሁት እንጂ።»

ልጁ አልመለሰላትም። በአገጩ ወደ ወረቀቱ ጠቆማት። አክስቴ መነጽሯን አውጥታ አነበበችውና ወደ እኔ ዞረች፤ «ይህ ሕግ ነው?»

ግማሹ ሕግ ነው፤ ግማሹ የነጋዴው ምኞት ነው።

ከምኞቱ ልጀምር። የገዙት ዕቃ ጉድለት ካለበት ወረቀቱ አቅም የለውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ከዚህ የተሻለ የዋስትና ውል ካለም የሚሠራው የተሻለው ነው። የመፍጫው ቢላዋ አልዞር ቢል፣ ሞተሩ በመጀመሪያው አቮካዶ ቢቃጠል፣ «የተሸጠ አይመለስም» የሚለው መልስ አያስኬድም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ ምክንያት የተበላሸ ዕቃ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ጠቅልሎ ይዟል፣ ነጋዴውም የሚመቸውን መዝዞ ያወጣል።

የአክስቴ መፍጫ ግን ምንም አልሆነም። የተበላሸው የአክስቴ ስሜት ነው። እዚህ ላይ ወረቀቱ ሕጉን ይዟል።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 እንደሚለው በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ባደረጉት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ሆኖ ያስገድዳቸዋል። ሽያጭ ደግሞ ውል ነው። ለዚህ ፊርማም ማኅተምም አያስፈልግም፤ «በ5,200 ይሁን» ተባብለው ገንዘቡን ከሰጡ ተጠናቋል። ለአክስቴ ይበልጥ የሚከፋው ቁጥር 1710 ነው። ውሉ ለአንደኛው ወገን የበለጠ ጠቃሚ ስለሆነ ብቻ ሊፈርስ አይችልም ይላል። ሕጉ ለየት ያለ ዓይን የሚጥለው የአንዱን ችግር፣ የዋህነት፣ መጃጀት ወይም ግልጽ የሆነ የሥራ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ አድርጎ የተገኘ ስምምነት ሲሆን ነው። አክስቴ በዋጋ ክርክር አንድ ሰፈር የምታሰለጥን ሴት ናት። ይህን በር ማንም አይከፍትላትም።

በአንድ እጁ ገፊ የሚመስለው ይህ ደንብ በሌላው እጁ ገዢውን እንደሚጠብቅ ያየነው ግን ሩቅ ሳንሄድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ማቀዝቀዣ የሸጠ ነጋዴ በሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ማቀዝቀዣ መልሶ ማስገባት አልቻለም። ታዲያ አንዱም ነጋዴ የገዢውን በር አንኳኩቶ «ዛሬ ሌላ ቦታ በእጥፍ ይሸጣል፤ ማቀዝቀዣዬን መልስልኝ» አላለም። ቢል ያስቅ ነበር። አክስቴ በ900 ብር ልዩነት ሱቅ የምትመለስ ከሆነ፣ ነጋዴውም ዋጋ በናረ ቁጥር ሳሎኗ ድረስ መምጣት ሊኖርበት ነው። «አይመለስም» የሚለው ቃል ሁለቱንም ነው ያሰረው፤ የተለጠፈው በነጋዴው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ብቻ የእርሱ መሣሪያ ይመስላል።

የምንዛሪው ነገር ሌላም ያስረዳል። አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ሱቅ ሁለት ዋጋ የሚኖረው ሁልጊዜ አንዱ ሌባ ስለሆነ አይደለም። አንዱ በድሮው ዋጋ የገባ ዕቃ አለው፣ ሌላው ትናንት ያስገባው ነው። አንዱ ከአስመጪው ቀጥታ ይወስዳል፣ ሌላው ሦስተኛ እጅ ነው። የቦሌ መንገድ የሱቅ ኪራይና የመርካቶ አንድ ኮንቴይነር ኪራይም አንድ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረሰኝ አለ። አክስቴን ዳቦ ቤት ደጃፍ አስቁሜ ጠየቅኋት፤ «የመርካቶው 4,300 በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ዝም አለች። የመርካቶው ሻጭ «ደረሰኝ ከፈለጉ ሌላ ዋጋ ነው» ብሏት ነበር። በ4,300 ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስንጨምርበት 645 ብር ይሆንና 4,945 ይደርሳል። ስለዚህ እንቅልፍ የነሳት የ900 ብር ልዩነት በእውነቱ 255 ብር ነበር፤ የመርካቶ ደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የአንድ ቀን ድካም ሲታሰብበት እርሱም ሊቀር ነው። ያለ ደረሰኝ መሸጥ በሕግ መከልከሉ እንዳለ ሆኖ፣ ለገዢው ያለው ጉዳት ይህ ነው፤ ያ ርካሽ መፍጫ ቢበላሽ «ከአንተ ነው የገዛሁት» የምትልበት ማስረጃ በእጇ አይኖርም። የ15 ቀኑ መብት በቀላሉ የሚጠየቀው በደረሰኝ ነው።

ካርቶን አንድ መሆኑም አያስተማምንም። በአንድ ስምና በአንድ ቀለም ካርቶን ውስጥ ወፍራም የብርጭቆ ማሰሮ ያለው መፍጫም፣ ሲያነሱት እንደ ባዶ ጣሳ የሚቀል የፕላስቲክ መፍጫም ይገኛል። ከሥሩ ገልብጦ የዋት ቁጥሩን ማየት፣ ሽቦውን በጣት መዳሰስ፣ ሰክቶ ማስጮህ ሁለቱ አንድ ዕቃ መሆን አለመሆናቸውን ያሳያል። አንዳንዴ ርካሹን ማግኘት የሚያረጋግጠው ቀድሞ የገዙት ደህናው መሆኑን ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ «ኦሪጅናል» ተብሎ በውድ የተሸጠው ማስመሰያ ከሆነ፣ ያኔ ነገሩ የዋጋ ጸጸት መሆኑ ይቀርና ማታለል ይሆናል። በማታለል የተገኘ ውል በሕጉ ቁጥር 1704 ሊፈርስ የሚችልበት መንገድ አለ።

«የትም ቢሄዱ በዚህ ዋጋ አያገኙም» የሚለውን የሻጭ ንግግር ግን ማታለል ነው ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ አያዋጣም፤ የገበያ ወግ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ካገኙ መልሰው ያምጡት!» ይላል ነጋዴው፣ ደረቱን ነፍቶ። ይህ ቃል ኪዳን ነው። ሰው በአንደበቱ፣ በሬ በቀንዱ ይያዛል እንደሚባለው፣ ቃሉ የሽያጩ አካል ሆኖ ከተሰጠ ከግድግዳው ወረቀት ይበልጣል። ችግሩ ማስረጃው ነው። ደረሰኙ ጀርባ ላይ «በሰባት ቀን ውስጥ በቀነሰ ዋጋ ከተገኘ ይመለሳል» ብሎ እንዲፈርም ብዕር ሲሰጡት ፊቱን ማየት ነው። የሚፈርም እምብዛም አይገኝም፤ ካልፈረመ ደግሞ ዋጋው ላይ ገና ቦታ እንዳለ ይታወቃል።

ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን በዚህ ይገረማሉ። «እኛ ጋ እኮ ይመለሳል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ እነርሱ በሚያስቡት ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ደህና ዕቃ ገዝቶ ሐሳቡን ለቀየረ ሰው ሱቁ ገንዘቡን እንዲመልስ በመላ አገሪቱ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ የሚመልሱት መደብሮቹ ደንበኛ ለመያዝ በራሳቸው ባወጡት ደንብ ነው። ደንቡም ይለያያል። ኮስትኮ የተባለው ትልቅ መደብር የሸጠው ዕቃ ዋጋ በ30 ቀን ውስጥ በራሱ መደብር ከቀነሰ ልዩነቱን ይመልሳል፤ የሌላ መደብርን ዋጋ ግን አይከተልም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ መመለስ የሚቻለው በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛን ዕቃ ነው፤ ገዢው በእጁ ሳይዳስስ ስለገዛ ነው መብቱ የተሰጠው። ሱቅ ገብቶ አገላብጦ ለገዛ ሰው ይህ መብት የለም። ለሱቅ ገዢ ደግ የሆነችው እስራኤል ናት። እዚያ በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ደንብ፣ ብዙ ዓይነት ያልተጠቀሙባቸው ዕቃዎች በ14 ቀን፣ ልብስና ጫማ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲመለሱ ይፈቅዳል፤ ሻጩም ከዕቃው ዋጋ 5 በመቶ ወይም 100 ሼክል፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ሊቆርጥ ይችላል። ሐሳብ መቀየርም ዋጋ አለው ብሎ ቁጥር ያወጣለት ደንብ ነው።

እኛ ጋ የሐሳብ ለውጥ ጊዜው ከመክፈል በፊት ነው። «ዞሬ ልምጣ» የሚለው የገበያ ቃል ለዚሁ የተፈጠረ ይመስላል። አዋጅ 813 ይህንን ጭምር አስቦበታል፤ ሸማቹ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ እንዲገዛ ሊገደድ አይችልም። «ሳትገዛ ለምን ከመደርደሪያ አስወረድከኝ?» ብሎ የሚቆጣ ሻጭ ትከሻው አሞት ሊሆን ይችላል እንጂ መብት የለውም። ዋጋ ለሕዝብ እንዲታይ ማድረግም ግዴታው ነው። የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ለጥፈው ዋጋውን «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚሉት ሻጮች ይህን የሰሙ አይመስሉም። ዞሮ መምጣትን ነው የከለከሉን፤ ዋጋ ሳይታይ ምኑ ይወዳደራል?

ዕቃው አንድ ብቻ ቀርቶ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይወስደው የሚፈራ ሰውስ? ለእርሱ ገበያችን ጥንት መፍትሔ አበጅቷል፤ ቀብድ ይባላል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል፣ ግን ከቅድሚያ ክፍያ ጋር ያምታታዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንደተጻፈው ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የተቀበለውም ማፍረስ ይችላል፤ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ በ42,000 ብር ማቀዝቀዣ ላይ 1,000 ብር ቀብድ ያስያዘ ሰው ሌላ ቦታ በ39,500 ቢያገኘው፣ 1,000ውን ትቶ ይሄዳል። 1,500 ብር አተረፈ። ሻጩም የሚከፋበት ምክንያት የለም፤ ለጠበቀበት ጊዜ ተከፍሎታል። ዋናው ነገር ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ተለይቶ መጻፉ ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ በማግስቱ ካርቶን አቅፎ ከመቆም ይህ በብዙ ይሻላል።

አክስቴ ይህን ከነገርኳት በኋላ ጁስ መፍጫውን ከፍታ መጠቀም ጀመረች። ከወራት በኋላ ለልጇ ቤት ማቀዝቀዣ ስትፈልግ ሌላ ሱቅ ገብታ 1,000 ብር አስያዘችና ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለውን ራሷ እያየች አስጻፈች። ሁለት ሰዓት ያህል ዞራ የተሻለ ዋጋ አጥታ ስትመለስ ማቀዝቀዣው የለም። ሻጩ ለሌላ ሰው በ43,000 ሸጦታል። ይቅርታ ጠይቆ 1,000 ብሯን በአክብሮት በሁለት እጁ ሰጣት። ተቀብላ ቆጠረችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ሌላ 1,000 ይቀራል» አለችው።

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አክስቴ ወረቀቷን ዘርግታ ባንኮኒው ላይ አኖረችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።