ከመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ፒኤችዲ ያሸጋግር የነበረው የአሜሪካ የፕሬፕ ሥልጠና

ፕሬፕ በመባል የሚታወቀው መርሐ ግብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙ ነገር ግን በባዮሜዲካል ሳይንስ ፒኤችዲ ለመቀጠል በቂ የምርምር ልምድ ያላገኙ ወጣቶችን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያዘጋጅ የነበረ የአሜሪካ ሥልጠና ነው። የተጀመረው ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲሆን፣ ገንዘቡ ይመጣ የነበረው ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ ከሚገኘው የብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች)፣ ማለትም የሕክምና ምርምርን ከሚደግፈው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሠልጣኞችን የሚመርጡትና የሚያሠለጥኑት ግን ገንዘቡን በውድድር ያገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ።

ሥልጠናው የታሰበው በምርምሩ ዓለም ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ወገኖች፣ ማለትም ለጥቁሮች፣ ለላቲኖዎች፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከዝቅተኛ ኑሮ ለመጡ ተመራቂዎች ነበር። አመልካቹ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት መሆን፣ ዲግሪውንም ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ያገኘ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ወላጆቹ በዲቪ የመጡ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ልጅ ማመልከት ሲችል፣ በተማሪ ቪዛ ከአዲስ አበባ የሄደው ጓደኛው አይችልም ነበር።

የሥልጠናው አስፈላጊነት ከፒኤችዲ አመራረጥ የሚነሣ ነው። መራጮቹ ከውጤት ባልተናነሰ የሚያዩት አመልካቹ በቤተ ሙከራ ምን እንደሠራና ሲሠራ ያየው ተመራማሪ ምን ብሎ እንደሚመሰክርለት ነው። ቀን ተምሮ ማታ ፓርኪንግ የሚሠራ ተማሪ ያለ ክፍያ ቤተ ሙከራ ገብቶ የሚያገለግልበት ጊዜ ከየት ያመጣል? በእኔ ግምት ፕሬፕ ከሰጣቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ደመወዙ ነው፤ ጊዜን የገዛው እሱ ነውና።

ሠልጣኙ ከሥራ ሰዓቱ ሦስት አራተኛውን በምርምር ያሳልፍ ነበር። ሴሎችን ያሳድግ፣ ፒፔት (የፈሳሽ መለኪያ መሣሪያ) ይዞ ናሙና ያዘጋጅ፣ ሙከራው ሲከሽፍ ምክንያቱን በመዝገቡ ላይ ጽፎ እንደገና ይጀምር ነበር። በቀሪው ጊዜ የምርምር ጽሑፎችን ከሌሎች ጋር ይተች፣ የጎደለውን ኮርስ ይወስድ፣ የፒኤችዲ ማመልከቻውን ያዘጋጅ ነበር። ጊዜው ግን አጭር ነበር፤ ሥልጠናው በሰኔ ወይም በሐምሌ ተጀምሮ የብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በኅዳር መጨረሻ ገደማ ስለሚዘጋ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው አማካሪ ሠልጣኙን የሚያውቀው ለአምስት ወር ያህል ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ አለ። ፕሮፌሰሩ «ይህን ማነጻጸሪያ ናሙና ለምን መረጥክ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚፈልገውም የተሸመደደ መልስ ሳይሆን ክርክር ነው። ታላቅን መሞገት ነውር ነው ተብሎ ላደገ ልጅ ይህ ከማንኛውም ፈተና ሊከብድ ይችላል፤ ሠልጣኙ በቤተ ሙከራ ስብሰባ ሥራውን እያቀረበ መተቸትን መለማመዱ ይጠቅመው የነበረውም እዚህ ላይ ነው።

ሥልጠናው ተማሪውን እንጂ በሩን እንደማይለውጥ የሚያሳይ ማስረጃም አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጥቁር ተመራማሪዎች የኤንአይኤች የምርምር ገንዘብ የማግኘት ዕድላቸው፣ ትምህርታቸውና የሕትመት ብዛታቸው ታሳቢ ተደርጎም እንኳ፣ ከነጮቹ በ10 የመቶኛ ነጥብ ያህል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ብዙ የባዮሜዲካል ፒኤችዲ ትምህርት ክፍሎች ጂአርኢ የተባለውን የመግቢያ ፈተና መጠየቅ ያቆሙት ግን ከዚያ በኋላ ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. የፌዴራል መንግሥቱ በብዝኃነት ስም የሚሰጡ ድጋፎችን መቃወም ሲጀምር፣ ኤንአይኤች ፕሬፕን ጨምሮ የዚህ ዓይነት በርካታ የሥልጠና ድጎማዎችን አቋርጧል።