ሲንክ ምንድን ነው?

ሲንክ፣ ማለትም የምስልና የድምፅ መናበብ፣ በተሠራ ሥዕል ላይ ሙዚቃ መለጠፍ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ በ1929 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዲዝኒ ጥቁርና ነጭ አጭር አኒሜሽን «ስፕሪንግታይም» ጠቅሶ፣ በጸደይ የሚጨፍሩት እንቁራሪቶች ከሙዚቃው ጋር የተናበቡት አቀናባሪው የተጠናቀቀውን ሥዕል እያየ ዜማ ስለደረሰላቸው ነው ብሎ ጽፏል። በፊልሙ ውስጥ ከሚሰሙት ዜማዎች አንዱ ግን የጣሊያናዊው አቀናባሪ የፖንኪዬሊ «የሰዓታት ዳንስ» ሲሆን፣ እርሱም በ1876 ሚላን ውስጥ መድረክ ላይ የዋለ ነው።

አሠራሩ ከሽመና ጋር ይመሳሰላል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከመያዙ በፊት ድሩን ቆጥሮ ይወጥራል፤ ማጉ የሚገባው በተወጠረው ድር መካከል ብቻ ነው። እዚህም ድሩ የሙዚቃው ምት፣ ማጉ ሥዕሉ ነው። የድምፅ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሚሄድ፣ በደቂቃ 120 ምት ያለው ዜማ ለእያንዳንዱ ምት 12 ፍሬም ይሰጣል፤ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ከዋለ ደግሞ ሠዓሊው እንቁራሪቷን አንሥቶ መሬት የሚያስረግጥባት ስድስት ሥዕል ብቻ አለው። ይህ ቁጥር በሠንጠረዥ የሚሰፍረው እርሳስ ከመነሣቱ በፊት ነው። «ስፕሪንግታይም» የሚገኝበትን «ሲሊ ሲምፎኒስ» የተባለ የአጫጭር አኒሜሽኖች ተከታታይ ሐሳብ ለዋልት ዲዝኒ ያቀረበው ሙዚቀኛው ካርል ስቶሊንግ መሆኑም ከዚህ አንጻር አያስገርምም።

አስተያየት ሰጪውን ያሳሳተው ምናልባት የቀረጻው ቅደም ተከተል ይሆናል፤ ኦርኬስትራው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚቀረጽበት ጊዜ ነበርና። በ1928 ለዲዝኒ አጭር አኒሜሽን ለ«ስቲምቦት ዊሊ» የተደረገው የመጀመሪያ ቀረጻ ሙዚቀኞቹ ከምስሉ ጋር መሄድ ስላቃታቸው ከሽፎ፣ ለሁለተኛው ምቱን የሚያሳይ የምትነጥር ኳስ በፊልሙ ላይ ታትማላቸዋለች። ይህ ጋቢው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንደሚጨመር ጥልፍ ነው፤ ጥላፊዋ መርፌዋን የምታስኬደው ቀድሞ የተቆጠረውን ክር ተከትላ ነው እንጂ ድሩን እንደ አዲስ አትወጥርም።

ፍሬም ቆጥሮ ማረጋገጥ ለሚፈልግ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ለአውሮፓ ቴሌቪዥን ተብለው ወደ 25 ፍሬም የተፋጠኑ ቅጂዎች ዛሬም ይዘዋወራሉ። በእነርሱ ላይ ምስሉና ድምፁ አብረው ስለሚፈጥኑ ሲንኩ አይበላሽም፤ የ120ው ምት ግን 125 ሆኖ ይሰማል፣ የድምፁም ቅኝት በትንሹ ከፍ ይላል።