«ቲክ አዝ ቲቭስ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ በቁሙ ሲተረጎም «እንደ ሌቦች ወፍራም» የሚል ትርጉም የለሽ ሐረግ ስለሚሆን ብዙ አንባቢን ያደናግራል። ፍቺው ግን እጅግ የተቀራረቡና ምስጢር የሚካፈሉ ወዳጆች ማለት ነው። ግራ መጋባቱ የሚመነጨው «ቲክ» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ቃሉ ከውፍረት በተጨማሪ ጥቅጥቅ ማለትን፣ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ደግሞ በሰዎች መካከል ያለን ጥብቅ ቅርበት ሲያመለክት ቆይቷል። ሌቦቹ የገቡት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን፣ አብረው የሚሰርቁ ሰዎች እርስ በርስ ከመተማመንና አንዱ የሌላውን ምስጢር ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ ስለሌላቸው ንጽጽሩ የሚገባ ነው። ቀድሞ ለዚሁ ጉዳይ የጥብጣብ ሸማኔዎች ይጠቀሱ ነበር፤ የሸማ ዕቃቸው ጠባብ በመሆኑ ተጠጋግተው ይቀመጡ ነበርና፣ ለእኔ ይህኛው ይበልጥ ያምራል።

ፈሊጡ ሰዎቹን በስርቆት አይከስም፤ አብረው ላደጉ እኅትማማቾችም ይነገራል። ሆኖም ከሌሎች የተሰወረ ነገር እንዳላቸው የሚጠቁም ቀልድ አዘል ቃና ስላለው ለመደበኛ የድጋፍ ደብዳቤ አይስማማም። በአማርኛ የሚቀርበው «እጅና ጓንት ናቸው» የሚለው ነው፤ እርሱም እንደ አገባቡ መልካም ትብብርንም ሆነ ለክፉ መመሳጠርን ይገልጻል። የእንግሊዝኛው ፈሊጥ የሚገልጸው ግንኙነትን ስለሆነ ወይ ባለቤቱ ብዙ ቁጥር መሆን፣ አለበለዚያም «ከእገሌ ጋር» የሚል ማሟያ መከተል አለበት። «ሌቦች» የሚለውን ማስቀረት ደግሞ አደገኛ ነው፤ በብሪታንያ የዕለት ንግግር «ቲክ» ብቻውን ሲነገር ደደብ ማለት ነው።