ዲጂታል ኢኮኖሚ ላይ ማስተርስ፦ ከሲሳ እስከ ቴሌብር

ዲጂታል ኢኮኖሚ ላይ ማስተርስ መማር የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ላይ ቢጠያይቅ አንዱ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ግባ ይለዋል፣ ሌላው ኢኮኖሚክስ ይሻልሃል ይለዋል፣ ሶስተኛው ደሞ ኤምቢኤ ይዘህ ፊንቴክ (በቴክኖሎጂ የሚሰጥ የገንዘብ አገልግሎት) ላይ ቲሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናት፣ ጻፍ ብሎ ይመክረዋል። ሶስቱም ልክ ናቸው። ዘርፉ ባንኩንም ቴሌውንም ሶፍትዌሩንም ህጉንም አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ እኛ አገር ትምህርቱ ያደገው በሌሎች ዲፓርትመንቶች ስም ተጠልሎ ነው፣ ከነሱ ውስጥ ደሞ ዋናው ባለውለታ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም (እዛ ያለፈ ሰው ሲለው ያዳላ ይመስላል፣ ግን ታሪኩ ይኸው)።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፣ ያኔ ስሙ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ሲሆን ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል "ሲሳ" ነበር የሚለው። ገንዘቡና ድጋፉ የመጣው ከዩኔስኮና ከካናዳው አለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነው፣ አላማውም ለኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን እንግሊዝኛ ለሚናገሩት የምስራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች በማስተርስ ደረጃ ባለሙያ ማፍራት ነበር። "በአፍሪካ የመጀመሪያው" የሚሉ ሰዎች አሉ። ናይጄሪያ ኢባዳን ላይ ተመሳሳይ ማዕከል በዛው ዓመት ስለተከፈተ፣ ሞሮኮ ራባት ደሞ ከዛ በፊት የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት ስለነበራት ይሄ አባባል አከራካሪ ነው፣ በቀጠናችን ግን ፈር ቀዳጅ መሆኑ አያጠራጥርም። ቦታውም የዋዛ አይደለም፣ የተባበሩት መንግስታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው ፓዲስ የሚባለው የኮሚሽኑ የመረጃ ክፍልም በነ ናንሲ ሃፍኪን መሪነት በስልክ መስመር ኢሜል የሚያመላልስ ሲስተም ዘርግቶ ለብዙ የአፍሪካ አገሮች መንገድ ያሳየው ከዚሁ ነው። ኢንተርኔት በይፋ ኢትዮጵያ የገባው ገና በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 1997) መሆኑን ስናስብ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዳታቤዝና የመረጃ ፍለጋ ሲማሩ የነበረው አገሩ ላይ ኢንተርኔት ሳይኖር ነው ማለት ነው።

የሲሳ ትልቁ ቅርስ ቲሲሶቹ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) የታተመ የአማርኛ ጽሁፍን ኮምፒውተር እንዲያነበው ማድረግ ላይ ተማሪዎች እየተቀባበሉ ሰሩበት፣ አንዱ ፊደሉን ነጣጥሎ ያወቀውን ሌላው ለታይፕ ጽሁፍ አስተካክሎ፣ ቀጣዩ ደሞ ለተለያየ ፎንት አሰፋው። ከዛ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሁፍ መቀየር መጣ፣ የቃላትን የሰዋስው ክፍል የሚለይ ፕሮግራምም እንዲሁ። ለኛ ርእስ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የዳታ ማይኒንግ (ከብዙ መረጃ ውስጥ የሚደጋገም ነገር ፈልጎ ማውጣት) ጥናት ነው። ለምሳሌ የዳሽን ባንክን የብድር መረጃ ወስዶ ማን ይከፍላል ማን አይከፍልም የሚለውን በኮምፒውተር ለመተንበይ የሞከረ የማስተርስ ቲሲስ አለ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደንበኞች ላይ የተሰራም አለ። ይሄ ሲጻፍ ሞባይል ራሱ የጥቂት ሰው እቃ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ያው ዳሽን ባንክ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ "ቴሌብር መላ" የሚባለውን ያለ መያዣ በስልክ የሚሰጥ ብድር ጀመረ። ቲሲሱ በቀጥታ ወደዛ አመራ ለማለት ማስረጃ የለም፣ ጥያቄው ግን ያው ጥያቄ ነው፣ ሲሳ ክፍል ውስጥም ቀደም ብሎ ተጠይቆ ነበር።

በኋላ ሲሳ ኢንፎርማቲክስ ፋኩልቲ ስር ገባ፣ ከዛ ተመልሶ ትምህርት ቤት ሆነ። ጅማ፣ ጎንደርና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ፕሮግራም ከፈቱ፣ ከግሎቹ ደሞ ሂልኮ በኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ይሰጣል።

ዲጂታል ኢኮኖሚ የሚለው ስም በሰው አፍ የገባው ግን የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ነው። ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር መጣ (አሁን ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው)፣ ሳፋሪኮም በ2015 ስራ ጀምሮ እዛው ዓመት ማብቂያ ላይ ኤምፔሳ የሚባለውን የሞባይል ገንዘብ ጨመረ። ህጎቹም ተከታተሉ፦ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016። እነዚህን ሶስቱን ሳያነቡ ፕሮፖዛል የሚያስገቡ ተማሪዎች ዲፌንስ (ጥናቱን ፈታኞች ፊት ማቅረብ) ላይ ፈታኙ መጀመሪያ የሚይዛቸው እዚሁ ጋ ነው፣ ስለዚ ኮዱ ላይ ጎበዝ የሆነም ቢሆን አዋጅ ማንበብ አይቀርለትም።

ለመግባት የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይጠየቃል፣ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ደሞ ኮስት ሼሪንግ ሳይጨርስ እሱን ማውጣት ስለማይችል ብዙ ሰው የሚዘገየው እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራሙ በመደበኛው ሁለት ዓመት ነው፣ መጀመሪያ ኮርስ ከዛ ቲሲስ። የማታው ክፍል በባንክና በቴሌ ሰራተኞች የተሞላ ሲሆን መስሪያ ቤት ከፍሎላቸው የአገልግሎት ግዴታ የፈረሙ አይጠፉም። ትልቁ ራስ ምታት ዳታ ነው። የትብብር ደብዳቤ ይዘው ቢሄዱም የደንበኛ መረጃ አንሰጥም የሚባሉ ብዙ ናቸው፣ የግል መረጃ ህጉ ከወጣ ወዲህ ደሞ መልሱ ቢያንስ ምክንያት አግኝቷል። ስለዚህ ዳታ ያለበት መስሪያ ቤት የሚሰራ ተማሪ ከሌላው አንድ እርምጃ ይቀድማል፣ ፍትሃዊ ነው ወይ ከተባለ አይደለም።

ውጭ መማር ለሚፈልግ ለዘርፉ በጣም የሚቀርበው ፓዮኒር የሚባለው የኢራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ህብረት የሚደግፈው የጋራ) ማስተርስ ነው። በመንግስት አገልግሎት ፈጠራና በኢ-ገቨርናንስ (በዲጂታል የመንግስት አስተዳደር) ላይ ሲሆን ቤልጅየም ሉቨን፣ ጀርመን ሙንስተርና ኢስቶኒያ ታሊን ያሉ ሶስት ዩኒቨርሲቲዎች አብረው ይሰጡታል፣ የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያ የለበትም፣ በወርም 1,400 ዩሮ ይሰጠዋል። እንግሊዝ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ደሞ ዲጂታል ልማት የሚል ማስተርስ አለ። እዛ በእንግሊዝ መንግስት ስኮላርሺፕ በቺቭኒንግ መሄድ ይቻላል፣ ግን የሁለት ዓመት የስራ ልምድ ይጠየቃል፣ ሲጨርሱም አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። በራስ ገንዘብ ልሂድ ለሚል ነገሩ ከብዷል፣ ለምሳሌ ጀርመን ለተማሪ ቪዛ በዝግ አካውንት በዓመት 11,904 ዩሮ አሳዩ ትላለች፣ ብር ደሞ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። ለዚህም ይመስላል ብዙዎች መጀመሪያ እዚሁ ተምረው፣ ሁለት ሶስት ዓመት ሰርተው፣ ከዛ ለስኮላርሺፕ የሚያመለክቱት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቲሲሶች ኢንተርኔት ላይ ባለው ማከማቻው በነጻ ስለሚነበቡ ርእስ የሚመርጥ ሰው ከዛ ቢጀምር የተሰራውን ደግሞ ከመስራት ይድናል።