«ኮስት ሼሪንግ» ምንድን ነው? የተማርነው በነጻ ነው ወይስ በዱቤ?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ስንት ከፍሎ እንደተማረ ቢጠየቅ «በነጻ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሲገባ ማንም ገንዘብ አልጠየቀውም። ዶርም ተሰጠው፣ ካፌ በላ፣ ተማረ፣ ተመረቀ። ከዓመታት በኋላ ኦሪጅናል ዲግሪውን ለማውጣት ሬጅስትራር ሲሄድ ግን «መጀመሪያ ኮስት ሼሪንግህን ጨርስ» ይባላል። በነጻ ተማርኩ ያለው ሰው ለካ በዱቤ ነው የተማረው።

እኔ ራሴ ውሉን የፈረምኩት ሳላነብ ነው። ፍሬሽ ነበርን፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ የቆመው ልጅ ፎርሙ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ «ዝም ብለህ ፈርም፣ ሁሉም ይፈርማል» ተባለ። እኛም ፈረምን። የዕዳ ውል ነበር። ገና ከቤቱ የወጣ ልጅ ለዓመታት የሚከተለውን ዕዳ ሲፈርም ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ለእኛ ያስረዳን አልነበረም፤ ስለዚህ እዚህ ላስረዳ።

ሕጉ «ወጪ መጋራት» ይለዋል። ሥራ ላይ የዋለው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የመደበኛ ተማሪ ትምህርት፣ ምግብና መኝታ በመንግሥት ይሸፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ወጪው ለሁለት ተከፈለ። የምግቡና የመኝታው ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው። ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። የቀረውን መንግሥት ይችላል። ተማሪው የሚከፍለው ግን እየተማረ ሳይሆን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው። ቀደም ብሎ በአንዴ መክፈል ለሚችል ቅናሽ አለ። ለመምህርነት የሚሰለጥኑ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲመልሱ መንገድ ተከፍቶላቸዋል።

አከፋፈሉ «የምሩቃን ግብር» ይባላል። ቀጣሪው ከወር ደመወዝ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ቆርጦ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። ዕዳው 30,000 ብር፣ ደመወዙ 6,000 ብር ነው እንበል። በየወሩ 600 ብር ይቆረጣል፤ በ50 ወር፣ ማለትም በአራት ዓመት ከሁለት ወር ያልቃል። ወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀላል ነው። በተግባር ግን ብዙ ቦታ የሚቆርጥ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ዕዳው ትዝ የሚለው ኦሪጅናል ዲግሪ ሲፈለግ ብቻ ነው።

ብዙ ተማሪ ልብ የማይለው የምግቡ ነገር ነው። የካፌው ምግብ፣ ወይም ነን ካፌ ሆኖ በእጅ የሚወሰደው ብር፣ ስጦታ አይደለም። ዕዳው ላይ ይጻፋል። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር፣ ከዚያ 22 ብር ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ደረሰ። መጨመሩ ትክክል ነው፤ በ22 ብር ሰው ቀኑን ሙሉ አይበላም። ግን እናስላው። በዓመት አሥር ወር ቢበላ፣ በ22 ብር ሂሳብ የአራት ዓመቱ ምግብ 26,400 ብር ነው። በ100 ብር ሂሳብ 120,000 ብር ይሆናል። የደንቡ «ሙሉ ወጪ» የሚለው ቃል እንዳለ ከቀጠለ፣ ዛሬ የሚገባ ልጅ የሚፈርመው እኛ የፈረምነውን ዓይነት ዕዳ አይደለም።

ተምሮ የመመለስ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መንደር ለመንደር ይዞር ነበር። የኔታ በክፍያ አያስተምሩም። የሚያበላው መንደሩ ነው። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት አገር እንዲያገለግሉ የሚያደርግ ፕሮግራም ጀመረ። አብዛኞቹ ክፍለ ሀገር ወርደው አስተማሩ። የአዲስ አበባ ልጅ ገጠሩን ያየው፣ የገጠር ልጅም ከዩኒቨርሲቲ የመጣ መምህር ያገኘው ያኔ ነው። እኔ ከገንዘቡ ይልቅ ይህኛውን አመላለስ እወደዋለሁ። ሥራ ያጣ ምሩቅም ሊከፍለው ይችላል።

በገንዘብ የመመለሱን መንገድ በሰፊው ያስጀመረችው አውስትራሊያ ናት። በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በፈረንጆቹ በ1974 የዩኒቨርሲቲ ክፍያን አስቀርታ ነበር። በ1989 «ተማር፣ ከደመወዝህ ትመልሳለህ» ወደሚለው ተሸጋገረች። እዚያ ገቢው ከተወሰነ ወለል በታች የሆነ ሰው ምንም አይከፍልም። ለእኛም በጣም የሚያስፈልገን ያ ወለል ነው።

ታዲያ ለሁሉም ነጻ ቢሆን አይሻልም? ልቤ «አዎ» ይላል። ግን «ሁሉም» ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የእነዚያ ልጆች ወላጆችም ግን ሱቅ ገብተው ዕቃ ሲገዙ ቫት ይከፍላሉ። ቀን ሠርቶ ማታ ኤክስቴንሽን የሚማረውም ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው ስንል ሂሳቡን የሚሸፍኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የተማረውና ደህና ገቢ ያገኘው ሰው የተወሰነ ቢመልስ ቅር አይለኝም። መግቢያው ላይ ግን ክፍያ መኖር የለበትም። በሩ ላይ ብር ቢጠየቅ ኖሮ እኔ አልገባም ነበር። ከአንድ ክፍል የወጣን ብዙዎቻችንም አንገባም ነበር።

የማልስማማው በመቆለፊያው ነው። ዕዳውን ያልጨረሰ ምሩቅ ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ፣ ብቻ ይዞ ይቀራል። ኦሪጅናል ዲግሪ የለም፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይላክለትም። ሥራ የሌለው ልጅ ዕዳውን በምን ይክፈል? ሥራውን ለማግኘት ወረቀቱ ያስፈልገዋል፣ ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ ሥራው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ትምህርታቸውን እዚያ ለማስገመት ሲሞክሩም የሚገጥማቸው ይኸው ነው። ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ይጠየቃሉ። ያኔ አዲስ አበባ ያለ ወንድም ወይም እህት ውክልና ይዞ ከሬጅስትራር ገቢዎች፣ ከገቢዎች ሬጅስትራር ይመላለሳል። ዕዳ ከደመወዝ ላይ ይሰብሰብ። ዲግሪ ግን መያዣ መሆን የለበትም።

ቴምፖ ይዛችሁ ላላችሁ፣ በእጃችሁ ያለውን ሥራ ልንገራችሁ። የፈረማችሁትን ውል ቅጂ ከሬጅስትራር ጠይቁ፤ የየዓመቱን የምግብ፣ የመኝታና የትምህርት ሂሳብ ለየብቻ እዩ። ዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ) የሞላችሁበት ወይም ካፌ ያልተጠቀማችሁበት ጊዜ ካለ ተቀንሶ እንደሆነ አረጋግጡ። መሥሪያ ቤታችሁ ሲቆርጥ ከነበረ የተቆረጠው በስማችሁ ገቢ መሆኑን በደብዳቤ አጽፉ። ደረሰኝ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የደረሰኝ ቀለም ቶሎ ይጠፋል።