ጠንቋይ አይደለንም፦ ስለ ሀዋሳ ሰማይ ተመልካቾች የሚባለውና እውነታው

ሰማዩ በጠራ ሰሞን ሐይቁ ዳር ቴሌስኮፕ ተክለን ለመንገደኛው ጨረቃና ፕላኔት እናሳያለን፤ በሥራ ቀን ደግሞ በየትምህርት ቤቱ እንዞራለን። የሥነ ፈለክ ክበባችን የመምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የጥቂት ጡረተኞች ስብስብ ነው። ሰው ስለ እኛም ሆነ ስለ ሰማዩ ይዞት የሚመጣው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ያው ስለሆነ አንዴ ጽፎ መገላገል ይሻላል።

«ኮከቤን ንገሩኝ»

ከሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው፤ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ የሚጠይቁም አሉ። የራስንና የእናትን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ፣ በ12 ገድፎ፣ በቀረው «ኮከብህ ይህ ነው» ማለት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ግን ቀና ብሎ ሰማይ ማየት አያስፈልገውም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጨርሰዋል። እኛ ሰማዩን ካላየን ሥራ የለንም፤ ደመና ሲመጣ ዕቃችንን ሸክፈን የምንሄደውም ለዚህ ነው። የጋዜጣው ሆሮስኮፕም ቢሆን አያዛልቅም። ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምታልፍባቸው ኅብረ ከዋክብት 13 ናቸው፤ ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ 8 ገደማ የምትገኘው ከታወቁት 12ቱ ውጭ በሆነው በኦፊዩከስ ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን የተወለደ ሰው የማንን ዕጣ ሲያነብ እንደኖረ እንጃ።

«የፈረንጅ ነገር ነው»

ይህን ሀዋሳ ላይ ቆሞ መናገር ይከብዳል። የሲዳማ አዲስ ዓመት ፍቼ ጨምበላላ የሚውልበትን ቀን የሚቆርጡት አያንቶዎች ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው ነው፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የቤተ ክርስቲያኑ ባሕረ ሐሳብም የጨረቃ ሒሳብ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለቱ ቁጥሮቹ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይመጣሉ፤ ዑደታቸውም 19 ዓመት ነው። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በሁለት ሰዓት ገደማ ልዩነት ብቻ ስለሚገጥም ነው። ከውጭ የመጣው መነጽሩ ነው እንጂ ሰማይ ማየቱ እዚሁ ነበር።

«ቴሌስኮፕ ከሌለ ክበብ የለም»

ትምህርት ቤቶች «መሣሪያ የለንም» ብለው ሲመልሱን በጣም የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርታችን የሚሠራው በአንድ እንጨት ነው።

ሀዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። ብዙ ሰው ፀሐይ እኛ ዘንድ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ የምትሆን ይመስለዋል። እንዲህ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ መጋቢት 30 እና ነሐሴ 29 ገደማ። በእነዚህ ቀኖች የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። ሰዓቱም 6 ሰዓት ድፍን ላይ አይደለም። ሰዓታችን የተለካው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ሲሆን ሀዋሳ 38 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች ፀሐይ 26 ደቂቃ ያህል ትዘገይብናለች፤ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጠበቅ ነው። የነሐሴውን ደመና ይበላዋል፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው፤ ስለዚህ የመጋቢቱን ነው የምንይዘው። ልጆቹ በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ሲያጥር ይከተሉታል፤ በመጨረሻ ጠመኔ የያዘው ልጅ ምን ላይ ምልክት እንደሚያደርግ ይጨንቀዋል።

ዋናው ጨዋታ ገና ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላይ የቆመ የ1 ሜትር እንጨት 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ጥላ ይኖረዋል። ይህ የ2 ዲግሪ ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከሀዋሳ በስተ ሰሜን በቀጥታ ሲለካ (መንገዱ ይጠማዘዛል፣ እሱን ተዉት) 220 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። 220ን ለ2 አካፍሉና በ360 አባዙት፦ 39,600 ይመጣል። የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስተኔስ ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ የሠራው ዘዴ ይኸው ነው፤ ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ ተነጋግረው በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሱታል።

«ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ጥሩን»

ሙሉ ጨረቃ ለእግር ጉዞ ጥሩ ናት፤ ለቴሌስኮፕ ግን መጥፎ። ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታት ጥላ የላትም፤ ጉድጓዱም ተራራውም ይጠፋል። ግማሽ ስትሆን ኑ፣ ብርሃንና ጨለማው የሚገናኙበትን መስመር እዩ።

«ሥዕል ለጥፋችሁበት ነው»

ሳተርንን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ይላል። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎንብሰው አዩና «ይሄማ ወረቀት ነው ልጄ፤ እኔን አታሞኘኝ» አሉ። «እማማ፣ እጅዎን እዚህ ፊቱ ላይ ያድርጉልኝ» አልኩና የቱቦውን አፍ አሳየኋቸው። በእጃቸው ሲከልሉት ጠፋ፤ ሲያነሡት ተመለሰ። ደጋግመው ሞከሩት። ቆይተው ደግሞ «አሁንስ ጥሎኝ ሄደ» አሉ።

መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። በ100 እጥፍ ስናይ የሚታየን የሰማይ ቁራጭ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሳተርን ከዳር እስከ ዳር የሚቆየው 2 ደቂቃ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ከኛ አንዱ አጠገብ ቆሞ ቱቦውን የሚገፋው ለዚህ ነው። ቀለበቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፦ በመጋቢት 2017 በጎኑ ዞሮልን ነበር፤ እንዲህ የሚሆነው በየ15 ዓመቱ ገደማ ነው። ስልካችሁ ላይ ያያችሁትን ቀለም ግን አትጠብቁ። ካሜራ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ያጠራቅማል፤ ዓይን አያጠራቅምም። ኔቡላ፣ ማለትም በከዋክብት መሐል ያለው የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በዓይን ግራጫ ጭጋግ ነው።

«ስንት ጊዜ ያጎላል?»

ልጃቸው ቴሌስኮፕ አምጣ ያላቸው ወላጆች ጥያቄ ነው። ካርቶኑ ላይ 600 እጥፍ የሚል ካያችሁ መልሱት። ቁም ነገሩ የሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ በ2 ስታባዙት የሚመጣው የመሣሪያው ጣሪያ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ 120፤ ከዚያ በላይ የሚጎላው ብዥታው ነው። በዚያ ገንዘብ 10 በ50 ባይናኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ቢገዙ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያያሉ፤ ጋሊሊዮ በ1610 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያገኛቸውን ማለት ነው።

«የፀሐይ ግርዶሽ በራጅ ፊልም ይታያል»

አይታይም። ዓይን ይጎዳል፤ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ ሬቲና፣ የሕመም ነርቭ ስለሌለው ሲቃጠል እንኳ አይነግራችሁም። የፀሐይ መነጽር መደራረብም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወትም ያው ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግርዶሽ በግብፅ ሉክሶር፣ በሳዑዲና በየመን ሙሉ ነው፤ እኛ ጋ ከፊል ነው። ከፊል ማለት ደግሞ መነጽሩ ለአፍታም የማይወልቅበት ማለት ነው። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የበያጅ መስታወት ያስፈልጋል። ሁለቱንም ያጣ ሰው ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ ዛፍ ሥር መሬቱን ይይ፤ በቅጠሉ መሐል የሚሾልከው እያንዳንዱ ብርሃን የተገመጠች ፀሐይ ይሆናል። ክረምት ስለሆነ ደመና ከመጣ ግን ቅሬታችሁን ወደ እኛ አታምጡ፤ መግቢያው ነፃ ነው።