የድሮ ኮርስ ብስክሌት እድሳት

የድሮ ኮርስ፣ ማለትም የውድድር ብስክሌት፣ ከሩቁ ያስታውቃል። ፍሬሙ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። መሪው ወደ ታች የተቆለመመ ነው። የማርሽ መቀየሪያው ደግሞ እጅ የሚያርፍበት ላይ ሳይሆን ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ላይ ስለተተከለ፣ ማርሽ በቀየራችሁ ቁጥር ጎንበስ ያስብላችኋል። ከየትኛው ዓመት በፊት የተሠራው "የድሮ" እንደሚባል ሰዉ አይስማማም። በጣሊያን ቶስካና በ1997 የተጀመረው ሌሮይካ የተባለው የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ ግን የራሱን ድንበር አስምሯል፤ እስከ 1987 ግድም የተሠራ፣ መቀየሪያው ፍሬሙ ላይ ያለ፣ ፔዳሉ በቀበቶ የሚታሰር፣ የፍሬኑም ሽቦ ከመሪው ውጭ በአየር ላይ የሚታይ መሆን አለበት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድንበሩ ያለ ነገር አልተሰመረም። ጠቅ እያለ ቦታውን የሚይዘውን ማርሽ የጃፓኑ ዕቃ አምራች ሺማኖ ያስፋፋው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1990 መቀየሪያውን ከፍሬን እጀታው ጋር አዋሃደው፣ የጣሊያኑ ተፎካካሪው ካምፓኞሎም በ1992 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ፍሬም ላይ የተተከለው መቀየሪያ ቀስ በቀስ ከውድድር ጠፋ።

አዳሾች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን እያንዳንዷ ብሎን ከፋብሪካ እንደወጣች ትሁን ይላል፣ አንዲት የጠፋች ክዳን ፍለጋ ወራት ይፈጃል። ሌላው ፍሬሙን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን በዘመናዊ ዕቃ ይተካል። እኔ መሐል ላይ ነኝ። የሚያምረው ይቆይ፣ ነፍስ የሚያተርፈው ይቀየር።

ለማንኛውም ሥራው የሚያዋጣው ፍሬሙ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ከቱቦዎቹ ስመ ጥሩዎቹ በ1935 የወጣው የእንግሊዙ ሬይኖልድስ 531 እና የጣሊያኑ ኮሎምበስ ናቸው። የጥሩ ቱቦ ግድግዳ ጫፍና ጫፉ ላይ ወፈር፣ መሐሉ ላይ ሳሳ ይላል፤ ቀላልም ጠንካራም የሚያደርገው ይኸው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከመሪው ሥር ወደ ኋላ በሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች ሆድ ላይ ጣታችሁን አሂዱ። ብረቱ ከተሸበሸበ ወይም ቀለሙ እዚያ ጋ ብቻ ከተሰነጠቀ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል ማለት ነው። በነፃም ቢሰጧችሁ ይቅርባችሁ።

ቀጥሎ የመቀመጫውን ዘንግ ፈትታችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። አልሙኒየም ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ እርጥበት ሲያገኘው ይበላላና ነክሶ ይቀራል። እምቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጡት፣ ጥቂት ቀን ታገሱት፣ ከዚያ ዘንጉን ሞርሳ ላይ አስራችሁ ፍሬሙን ራሱን እንደ ቁልፍ አዙሩት። አንዳንዱ በዚህም አይወጣም። ያኔ ዘንጉን ከላይ ቆርጦ፣ ከውስጥ በመጋዝ ምላጭ እየሰነጠቁ ማውጣት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ፣ አስለቃሽ ሥራ።

ዋናው ጣጣ ግን ልክ ነው። ሳይለካ ዕቃ የገዛ ሰው ሁለቴ ይገዛል። የኋላ ጎማ የሚገባበት የፍሬሙ ክፍተት ከኋላ አምስት ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ባለጥርስ ቀለበት) በነበረበት ዘመን 120 ሚሊሜትር ነበር፤ ስድስትና ሰባት ጥርስ ሲመጣ 126፣ ከስምንት ወዲህ ደግሞ 130 ሆነ። ጥሩነቱ ብረት ይለጠጣል። ከ126 ወደ 130 ለማምጣት በእያንዳንዱ ጎን 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ቀስ እያሉ እየለኩ ከከፈቱት በኋላ ሁለቱ ጫፎች ትይዩ መሆናቸውን ማስተካከል ያስፈልጋል። አልሙኒየም ወይም ካርቦን ፍሬም ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሩት፣ ይሰነጠቃል።

ቸርኬው ሌላ ወጥመድ ነው። 27 ኢንች እና 700ሲ የተባሉት የቸርኬ ልኮች ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ። ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር ግን የመጀመሪያው 630፣ የሁለተኛው 622 ሚሊሜትር ስለሆነ የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። ዛሬ የጎማ ምርጫ ያለው 700ሲ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው ቸርኬውን ይለውጣል። ያኔ የፍሬኑ ላስቲክ 4 ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አለበት፣ የፍሬኑ ክንድ አጭር ከሆነ ደግሞ ፍሬኑም አብሮ ይቀየራል። አንድ ዕቃ ሲነካ ሦስት ይከተላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ፔዳሎቹ የሚዞሩበት የመሐል ዘንግ ላይ ስንትና ስንት ፍሬም ተበላሽቷል። በእንግሊዞቹ አሠራር ዘንጉ የሚገባበት የፍሬሙ ቤት ስፋት 68 ሚሊሜትር ነው፣ በካቴናው በኩል ያለው የብሎን ጥርስ ደግሞ ግራ ዞር ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። በጣሊያኖቹ 70 ሚሊሜትር ሲሆን ሁለቱም ጎን የተለመደው ቀኝ ዞር ነው። የድሮ ፈረንሳዮች ደግሞ የራሳቸው ልክ ነበራቸው። የመሪው አንገት ውፍረት እንኳ ሌሎቹ ጋ 22.2 ሲሆን እነሱ ጋ 22 ሚሊሜትር ነው። በዓይን የማይለይ ልዩነት ነው፣ በመዶሻ ለማስገባት የሞከረ ግን ይለየዋል።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ጠቅ የማይለው የድሮው መቀየሪያ ሽቦውን በእጅ ስሜት የሚስብ እንጂ ደረጃ የተቆረጠለት አይደለም። ስለዚህ የኋላ ጥርሶቹ ስድስት ይሁኑ ስምንት፣ የማንም ፋብሪካ ይሁኑ፣ ብዙም ግድ የለውም። አቀበት የከበደው ሰው ከኋላ ሰፋ ያለ ጥርስ ቢያስገባ፣ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው የኋላ ማርሽ ቀያሪ ትልቁን ጥርስ እስከደረሰለት ድረስ ብስክሌቱ መልኩን ሳይለውጥ ይቀልለታል። ከሁሉም ማሻሻያ የምወደው ይህን ነው።

ጽዳቱ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ኩሽኔታዎቹ ሲፈቱ ኳሶቹን ቁጠሩ፤ የኋላ ጎማው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ኢንች የሆኑ በየጎኑ 9 ኳሶች አሉ። ርካሽ ስለሆኑ አሮጌዎቹን አትመልሱ፣ በአዲስ ግሪስ አዲስ ኳስ አስገቡ። ካቴናውን በማስመሪያ ለኩት። 12 ሙሉ ማያያዣ ልክ 12 ኢንች መሆን አለበት። በ1/16 ኢንች ከረዘመ ይቀየር፤ ከዚያ በላይ ከሄደ የኋላ ጥርሶቹንም በልቷቸዋል። ኒኬል መሰል የሚያብረቀርቀው ክሮም ላይ የተቀመጠ ቀላል ዝገት በውኃ በተነከረ የአልሙኒየም ፎይል ሲታሽ ይለቃል።

ፍሬን ላይ አትቆጥቡ። የደረቀ ላስቲክ እንደ ድንጋይ ነው። የብረት ቸርኬ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ፍሬን የመያዝ አቅሙ ክፉኛ ይወድቃል፤ ወደ አልሙኒየም ቸርኬ መሄድ ብቻውን ብስክሌቱን ሌላ ያደርገዋል። ሽቦና ልባሱ፣ ጎማና ከመነዳሪው ምንም ቢመስሉ ይቀየሩ። መሪው ላይ የተጠቀለለውን አሮጌ ክር አንሡና በተለይ አንገቱ በሚጨብጠው ቦታ ስንጥቅ መኖሩን እዩ፣ አልሙኒየም ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው።

ቀለም ላይ የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ካልተላጠ አትንኩት። በአሸዋ ማስገፈፍ ቀጭኑን ቱቦ ያሳሳል፣ የፋብሪካው ጽሑፍም አንዴ ከሄደ ሄደ። ገንዘቡም ቢሆን አይመለስም፤ የታደሰ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ የወጣበትን ያህል አይሸጥም።

ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፣ ቁልፍም ኪስ ውስጥ ይያዝ። አዲስ ሽቦ ይላላል፣ አዲስ የታሰረ ቸርኬ ቦታውን ይፈልጋል፣ በሽብልቅ የተያዘ የድሮ የፔዳል ክንድ ካለው ደግሞ የሽብልቁ ዳዶ ከመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት።